«ካልፈላ አልጸዳም» ያለችኝ ሲስተርና ቀኝ እግሬ

ይህን የምጽፈው ለማስተማር ነው ብል እዋሻለሁ። የምጽፈው ለመበቀል ነው። አንባቢ የሚማርበት ነገር ካገኘ ምራቂ ይሁንለት፤ እኔ ግን የተነሣሁት ቂሜን ልወጣ ነው።

ሸምሱ እባላለሁ። መቱ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስልጤ አገር ከአጎቴ ጋር ስመጣ ጢም አልነበረኝም፤ ዛሬ ያለኝም ሸብቷል። የምሰፋበት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው። «በመብራት የሚሠራውን ግዛ» የሚሉኝ አሉ፤ መብራቱ በቀን ሦስቴ ሲሄድ እነሱ መጥተው ሊሰፉልኝ ነው መሰለኝ። እንግዲህ ቀኝ እግሬ ማለት ለቤቴ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል።

ኖፓ ወረዳ ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ልለካ ሞተር ተሳፍሬ ሄድኩ። ዝናቡ አቁሞ አያውቅም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ስወርድ አዳለጠኝና ቀኝ ባቴ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ተለጠፈ። ነጂው «ዲፈማ ጋሼ፣ ዲፈማ!» እያለ ይቅርታ ይለምነኛል፤ እኔ በአንድ እግሬ እዘላለሁ። አንዲት ባለሱቅ ሮጣ የጥርስ ሳሙና አመጣችና ቀባችኝ። የጥርስ ሳሙና ለተቃጠለ እግር! ግን ያኔ አመስግኛታለሁ፤ እግሬ ከናና ሽታ ጋር እየነደደ ስንት ተማሪ ለክቼ ተመለስኩ። በዚህ በኛ አገር ባቱ ላይ የሞተር ማኅተም የሌለበት ሰው ጥቂት ነውና አላስፈራኝም።

ውኃ የቋጠረው ፈነዳ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ ካፕሱሉን ሰብሬ ዱቄቱን እንድነሰንስበት መከሩኝ። ነሰነስኩ። ዱቄቱ እንደ ሊጥ ጋገረበት። አንዱ ክሊኒክ «ስኳር ይኖርብሃል» አለኝ፤ ተመረመርኩ፣ የለብኝም። ሌላው በመርፌ መቀመጫዬን ወንፊት አደረገው። ጎረቤት ደግሞ «ዓይን ነው» አለ። አንድ ዘመዴ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ነቀርሳ እንዳይሆን» ብሎኝ ሄደ፤ እሱ እየበላ ያድራል፣ እኔ እህል አስጠላኝ። በመጨረሻ የደረስኩት ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ቁስል ማጠቢያ ክፍል ነው።

እዚያ የተሾመችብን ሲስተር እልፍነሽ ናት። ስሟ ይህ አይደለም። ባለቤቴ ሙኒራ እውነተኛ ስሟን እንዳልጽፍ በቁርዓን ስላስማለችኝ ቀየርኩት እንጂ ለሷ አዝኜ አይደለም። ካነበበችው ራሷን ታውቃለች።

የሲስተር እልፍነሽ አሠራር አንድ ነው። የቁስሉ መሸፈኛ የትናንቱ ጎዝ ደርቆ ከሥጋህ ጋር ተጣብቋል፤ እሷ ጫፉን ትይዝና በአንድ ትንፋሽ ትገሽልጠዋለች። ደም ይመጣል። ከዚያ ከቡናማ ጠርሙስ ታፈስበታለች። ባለሙያዎቹ ፐርኦክሳይድ ይሉታል፤ እኛ «የሚፈላው» ነበር የምንለው። ቁስሉ ላይ ሲደርስ ነጭ አረፋ ያወጣል፣ ያቃጥላል፣ ዓይንህ ያለቅሳል። «ካልፈላ አልጸዳም» ትላለች። ከዚያ ደረቅ ጎዝ ታስርና «ነገ!» ብላ ትሸኝሃለች። በየቀኑ። እጇ ግን ፈጣን ነው፤ ፋሻ ስታስር እንደሷ ያለ አላየሁም። ይህን የምጽፈው ውሸታም እንዳልባል ነው።

የሚገርመው እኛም መውደዳችን ነው። ውጪ አግዳሚው ላይ ተደርድረን የማን ቁስል ይበልጥ እንደፈላ እንፎካከር ነበር። አንዱ ገበሬ «የኔ ዛሬ እንደ ቢራ ነው የገነፈለው» ሲል ቀናሁበት። ኮሶ ሳይመር ያሽራል ብሎ ማን አሳድጎን! መድኃኒት ማቃጠል አለበት፤ የማያቃጥል መድኃኒት ሰነፍ ነው ብለን እናምናለን።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አዲስ ነርስ ተመደበች፤ ለሊሴ ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ያን ቀን ሲስተር ስብሰባ ሄዳ ስለነበር ተራዬ ለሊሴ ጋ ደረሰ። ደረቁን ጎዝ አልገሸለጠችውም፤ በተለካ ጨው በተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ አርሳ አርሳ፣ ራሱ እስኪላቀቅ ጠበቀች። በዚያው ውኃ አጠበችኝ። ከዚያ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አለበሰችውና አሰረችው።

«አልፈላም እኮ» አልኳት።

«አይፈላም ጋሼ። የሚፈላው መድኃኒት ቆሻሻውን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አዲስ የበቀለውን ሥጋም ያቃጥለዋል። ቡቃያውን በየቀኑ የሚነቅል ገበሬ አይተው ያውቃሉ?»

«ይህን ማን አለ?»

«በጥናት የታየ ነው። በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው። መመሪያውም እዚህ ክፍል ውስጥ አለ፣» አለችና የተቆለፈ ቁም ሣጥን በአገጯ አሳየችኝ።

«እስቲ አውጥተሽ አንብቢልኝ።»

«ቁልፉ ሲስተር ጋ ነው» አለች። «ፋሻውን ሳይፈቱ ከሦስት ቀን በኋላ ይምጡ።»

ከሦስት ቀን በኋላ! ይቺ ልጅ ሥራ ስትሸሽ ነው አልኩ። አግዳሚው ላይ ስነግራቸውም ሁሉም በአንድ አፍ «ለሷ ቀለላት እንጂ!» አሉ። አንድ ሁለቱም እንዲሁ ሳይፈላላቸው ተሸኝተው ኖሮ ተናደዋል። «አንተ መጻፍ ትችላለህ፤ ጻፍልን» አሉኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይደል የሚባለው? በበነጋው ሄጄ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የአስተያየት መዝገብ አወረድኩና በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አዲሷ ነርስ ልምድ ስለሌላት እየተማረችብን ነው። እንደ ወትሮው በትክክለኛው መድኃኒት ይታጠብልን።» ፈረምኩ።

ሲስተር እልፍነሽ ያን አንብባ ለሊሴን እዚያው ተራ በምንጠብቀው ሰዎች ፊት አቆመቻት።

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ሳጥብ ኖሬያለሁ። አንቺ ትናንት መጥተሽ በጨው ውኃ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ሲስተር፣ ሥልጠናውን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። መጽሐፉንም ያመጡት እርስዎ ነዎት» አለች ለሊሴ።

«መጽሐፍ ቁስል አያጥብም!»

እኛ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ለሊሴ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ተደረገች፤ በሳምንቱ ከመቱ ውጪ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ተላከች። በሚፈላው መድኃኒት ተመልሼ ስታጠብ እያለቀስኩ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁለት ወር ከግማሽ አለፈ። ቁስሉ ስፋቱ የመዳፍ ያህል ሆነ፣ ጠረኑን እኔው ራሴ መቋቋም አቃተኝ። አንድ ሐኪም ተጠርቶ አየውና ወደ አጥንት እያለፈ ከሆነ ጅማ ሄጄ መታየት እንዳለብኝ፣ ምናልባትም ከጉልበት በታች መቆረጥ ሊመጣ እንደሚችል ረጋ ብሎ ነገረኝ። እንዲያ ረጋ ባይል ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ «አገር ቤት ወጌሻ ጋ እንውሰደው» ይላል፤ ሙኒራ «ወጌሻ ለስብራት ነው እንጂ ለቁስል መች ሆነ?» ትላለች፤ በኔ እግር ሁለቱ ተኳረፉ። ሙኒራ ሥራው እንዳይቆም ብላ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ቁልፍ መትከል እንጂ ሱሪ ሰፍታ አታውቅም። የአንዱን መምህር ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥራ ሰፋችው። ተናድጄ መቀስ ወረወርኩ። መቀሱ እሷን አልመታትም፤ ግን መወርወሬን እስካሁን አልረሳችልኝም። በዚያ ሁሉ መሀል ደግ ሰው አልጠፋም። ከሱቄ ፊት ለፊት ቅመም የሚሸጡት እትዬ ብርቄ በየጠዋቱ የሚቀመጡበትን ዱካ አምጥተው እግሬን ያስቀምጡልኝ ነበር። እሳቸው እስከ ማታ ቆመው ይሸጣሉ።

ነገሩ የተገለጠው በአረፋ በዓል ነው። በዓሉ ሐሙስ ዋለ፤ ዐርብም ማንም ሥራ አልገባ፤ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ገጥሞ ክፍሉ አራት ቀን ተዘጋ። እኔ አራት ቀን ሳልታጠብ ልሞት ነው ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ሙኒራ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አድርጋ ፋሻውን ቀስ ብላ ፈታችው። ከዚያ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዳር ዳሩ ላይ እንደ ሕፃን ከንፈር ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ወጥቷል።

«ማንም ሳይነካው ነው የበቀለው» አለች ሙኒራ።

ለሁለታችንም ያው ነገር ነው የታሰበን። እሷ ቀደመችኝ፤ «ሸምሱ፣ ያቺን የከሰስካትን ልጅ ፈልግ» አለች።

በሚኒባስ ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሬ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለሊሴ ሁለቴ አልፋ አየችኝ፤ ካለፈች በኋላ ሌሎቹን ሁሉ አስቀድማ እኔን መጨረሻ ጠራችኝ። በቀል የኔ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

«አካም ጂርቱ ጋሼ? ደኅና ነዎት?» አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች። «የአስተያየት መዝገቡ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከመጀመሬ በፊት ይከሱኛል ወይስ ከጨረስኩ በኋላ?»

«ለሊሴ፣ እግሬን ሊቆርጡት ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። ቁስሉን አረጠበች፣ አጠበች፣ የሞተውን ለይታ አነሣች። ከዚያ ስስ ላስቲክ ቁስሉ ላይ አነጠፈችና በእስክሪብቶ ዙሪያውን ተከትላ ሣለችው። እኔ እያመመኝ ሳቅሁ። ሰላሳ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው፤ ጨርቅ የሚቆረጥበትን ቅድ እያወጣች ነው።

«በየሦስት ቀኑ እንሥላለን። እየጠበበ ከሄደ ትክክል ነን፤ ካልጠበበ ተሳስቻለሁና ሌላ እንፈልጋለን» አለችኝ። «እኔን አይመኑኝ ጋሼ። ቅዱን ይመኑ።»

ማንም የጤና ሰው «ልሳሳት እችላለሁ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ላስቲኮቹን ይዤ እየሄድኩ ቤቴ በወረቀት ቀደድኳቸው። የመጀመሪያው መዳፍ ያክላል። አምስተኛው ድንች። አሥረኛው የሸሚዝ ኪስ ክዳን። ከሁለት ወር ትንሽ አልፎ የመጨረሻው ከካፖርት ቁልፍ አነሰ፣ ከዚያም የሚሣል ጠፋ። መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ረገጥኩ። የመምህሩን ሱሪ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

ድኜ ስጨርስ ቁጣዬ ጀመረ። ታምሜ ሳለሁ የምፈራው እግሬን ነበርና ለመናደድ ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ሌላ ሥራ የለኝም። ቅዶቹን በጥቁር ጨርቅ ቆርጬ ሦስት ክንድ ነጭ አቡጀዲ ላይ በተራ ሰፋኋቸው። ጤና ተቋሙ የነዋሪዎችን አስተያየት ለመስማት አዳራሽ ሲጠራን ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ሲስተር እልፍነሽ ፊት ወንበር ላይ ናት። ለሊሴም ከጤና ጣቢያዋ ተጠርታ ኋላ ተቀምጣለች።

ዕድሉን ሲሰጡኝ አቡጀዲውን ሁለት ሰው አስይዤ ዘረጋሁት። «ይህ» አልኩ በመጀመሪያው ጥቁር ላይ ጣቴን አድርጌ፣ «የሲስተር እልፍነሽ ሥራ ነው። ከዚህ ወዲህ ያሉት የለሊሴ ናቸው። መቁጠር የሚችል ይቁጠር።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ብትሸጡልኝ ዛሬም እገዛዋለሁ።

ሲስተር ተነሣች። በእጇ የአስተያየት መዝገቡን ይዛለች። ገለጠችና በጠራ ድምፅ አነበበች፦ «እየተማረችብን ነው። እንደ ወትሮው በትክክለኛው መድኃኒት ይታጠብልን። ሸምሱ።» ከዚያ ፊርማዬን ለሕዝቡ አሳየች። «ልጅቷን ያስነሣት ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰው ሳቀብኝ። ግን ቂም ደግ ነገር አለው፣ ሰው እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

«እውነት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ግን ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። እርስዎ እያወቁ ቆለፉ። መጽሐፉ የታል?»

ስብሰባውን የሚመራው የተቋሙ ኃላፊ ቁልፉን ጠየቃት። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ መመሪያው ሲመጣ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ነበር፤ አልተቀደደም። ሲስተር ያኔ ነው የተሰበረችው። «ሁለት ቀን አሠልጥነው መልሰው ላኩኝ» አለች። «ለዚያ ሁሉ በሽተኛ እኔ አንድ ነኝ። የምትሉት ጎዝ አንድ ወር ይመጣል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። ማንበቢያ ጊዜ ማን ሰጠኝ? እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።» ግማሹ እውነት መሆኑን ዛሬ አምናለሁ። ግማሹን እሰጣታለሁ። ላስቲኩን ለመቅደድ ግን ጎዝ አያስፈልግም።

ቡናማው ጠርሙስ ከክፍሉ ወጣ። ለሊሴ ተመለሰችና ክፍሉን እንድትመራ ተደረገ፤ ሲስተር እልፍነሽ በሷ ሥር ሆነች። ለመሪነት ጋዋኗን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ለናንተ ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ ቁስላችሁ በሁለት ሳምንት ካልጠበበ የሚያጥባችሁን «ለምን?» በሉት፤ «እንዲህ ስለለመድን» ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። የሚያቃጥል ሁሉ መድኃኒት አይደለም። እንደኔ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊትም የምትከሱት ሰው ምን እያለ እንደሆነ ስሙ።

በቅርቡ ሲስተር እልፍነሽ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሁለት የተከበሩ ሰዎችና እትዬ ብርቄ መጡ።

«ሸምሱ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ አንዱ። «ሴትዮዋ ተጸጽታለች። አላህ መሐሪ ነው፣ አንተም ማር።»

«አላህ መሐሪ ነው» አልኩ፤ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

እትዬ ብርቄ ግን «አንተስ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቀሃታል?» አሉ።

አመስግኛታለሁ። መርቄያታለሁ። ጋዋን ሰፍቼላታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። «እንግዲያው መጀመሪያ ለኔ ሽማግሌ ሁኑኝ» ብዬ ወደ ለሊሴ ላክኋቸው። ሲመለሱ መልሱን እትዬ ብርቄ ነገሩኝ። «ስለ ራሷ ይቅር ብላሃለች። ‹እኔ እዚያ ስቀመጥ እዚህ በየቀኑ የተቃጠሉት ሰዎች ግን የኔ አይደሉም፤ የነሱን እኔ ይቅር ልል አልችልም፣ እነሱን ራሳቸውን ይጠይቁ› ብላለች።»

ከመዝገብ ፈልጌ ሳይሆን ሰው ጠይቄ አንዷን አገኘሁ። ሶር ፏፏቴው አካባቢ የምትኖር ገበሬ ናት፣ አዴ ጫልቱ ይሏታል። እኔ አላስታውሳትም። እሷ ግን ከበሩ ሳልገባ አወቀችኝ።

«አንተ ያ ልብስ ሰፊ! ያን ቀን ለሁላችንም የጻፍክልን አንተ ነህ። ገለቶሚ፣ አመስግኜህ ነበር። መርቄህም ነበር፣ ሰምተኸኝ ነበር?»

ግራ እግሯ ሁለት ጣት የለውም። ጅማ ነው የተቆረጠው። በምን ምክንያት እንደመጣሁ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ስባ እግሯን ሸፈነችው፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። አሁንም አልተናገረችም።

ሽማግሌዎቹ መልሴን ሊሰሙ በጁምዓ ተመልሰው መጡ። «ለሲስተር እንዲህ በሏት» አልኳቸው፤ «ሸምሱ ራሱ ይቅርታ ጠባቂ ሆኖ ገና ከፊቷ ተሰልፎ ነው ያለው። የሱ ተራ ሲያልቅ የሷን ያያል።»